ከቆዳ በታች ያለው አየር፦ ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት ምንጩን እንጠይቅ

ገበያ ላይ የቀረበ ወይፈን ትከሻው ወይም ታፋው አብጦ ሲገኝ፣ እብጠቱም በእጅ ሲዳሰስ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዋጋው እዚያው ይወድቃል። ደላላው «አባ ጎርባ ነው» ይላል፤ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ገዢው ወይ ትቶት ይሄዳል ወይ በሩብ ዋጋ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከብቱ በጥድፊያ ይታረዳል፣ ወይም በማግስቱ ወደ ሌላ ገበያ ይነዳል፣ አለዚያም እብጠቱ በጋለ ብረት ይተኮሳል።

ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሸው አየር ነው። ነገር ግን አየር ከቆዳ በታች የሚገኝበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ከብቱን በአንድ ቀን ይገድላል። አንዳንዱ ቁስሉ ከተዘጋ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ስም እየጠራን በአንድ ዋጋ እንሸጣለን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በስህተት የተሰጠ ስም አርቢውን ገንዘብ ያስከፍለዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እውነተኛው አባ ጎርባ ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡ መውጣት የነበረበት ገበያ ላይ ሳይሆን ከዝናቡ በፊት ነው፤ ወጪውንም አርቢው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም የሚል ነው።

ጀርም የሚሠራው አየር

አባ ጎርባ በስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ቻምባቩ ይባላል። አምጪው ክሎስትሪዲየም ቾቪያይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሚራባው ኦክስጅን በሌለበት ነው፤ ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር ደግሞ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ማለትም ስፖር ሆኖ፣ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከብቱ በግጦሽ ላይ ይውጠዋል። ስፖሩ ከአንጀት ወደ ጡንቻ ዘልቆ ምንም ሳያደርግ ሊቀመጥ ይችላል። ጡንቻው በግጭት ወይም በምት ሲጎዳና ደም ሲያጥረው ስፖሩ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጡንቻውን ይገድለዋል፤ ባክቴሪያውም በሞተው ሥጋ ውስጥ ጋዝ ያመርታል። በእጃችን የሚንኮሻኮሸው ያ ጋዝ ነው።

የበሽታው ጭካኔ የሚመርጣቸው ከብቶች ላይ ነው። በብዛት የሚይዘው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉትን፣ በደንብ የበሉትንና ፈጥነው የሚያድጉትን ነው። ከሲታውን ትቶ የመንጋውን ምርጥ ይወስዳል። መጀመሪያ ከብቱ ያነክሳል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ መብላት ያቆማል። እብጠቱ በመጀመሪያ ይሞቃል፣ ሲነካም ያማል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን ይቀዘቅዛል፣ ሕመሙም ይጠፋል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይንኮሻኮሻል። ብዙዎቹ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሞታሉ። ገና ሲጀምር በርከት ያለ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የሚድን አለ፤ ነገር ግን አርቢው እብጠቱን ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ መሽቷል።

የቅርብ ዘመዱ ክሎስትሪዲየም ሴፕቲከም ደግሞ በቁስል በኩል ይገባል። ባልጸዳ መርፌ፣ በማኮላሸት ጊዜ በተፈጠረ ቁስል፣ በወሊድ ጊዜ በደረሰ መሰንጠቅ ሊገባና ተመሳሳይ የሚያብጥ፣ አንዳንዴም ጋዝ ያለበት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በበግ ላይ ራሱ አባ ጎርባም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቁስልን ተከትሎ ነው የሚመጣው።

ከውጭ የሚገባና ከውስጥ የሚያመልጥ አየር

ሁለተኛው ዓይነት አየር ከጀርም ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። እሾህ፣ የአጥር እንጨት ወይም የሌላ ከብት ቀንድ ብብት አካባቢ ከወጋው፣ ከብቱ በተራመደ ቁጥር ቁስሉ እንደ ወናፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አየር ስቦ ከቆዳው ሥር ይገፋል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ በጸጉር ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል፤ እብጠቱ ግን በአንድ ቀን ትከሻውን አልፎ ጀርባውን ሊያዳርስ ይችላል። ረጅም መንገድ የተነዳ ወይም በጠባብ መኪና ላይ ከቀንዳም ከብት ጋር ተጭኖ የመጣ ወይፈን እንዲህ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

ሦስተኛው ከውስጥ የሚያመልጥ አየር ነው። የጎድን አጥንት ተሰብሮ ሳንባን ሲወጋ፣ የአየር ቧንቧ በአውሬ ንክሻ ሲቀደድ፣ መድኃኒት በኃይል ሲጋት መሣሪያው ጉሮሮን ሲበሳ አየር ወጥቶ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ይሰራጫል። ከባድ የሳንባ በሽታ የያዘው ከብት ለመተንፈስ ሲታገልም የሳንባው ጥቃቅን ከረጢቶች ይፈነዱና አየሩ በደረት መካከል አልፎ ወደ አንገትና ጀርባ ይወጣል። ከደረቅ ግጦሽ በድንገት ወደ ለምለም ሣር የተዛወሩ ትልልቅ ከብቶችም በሣሩ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር በጨጓራቸው ወደ መርዝነት ተለውጦ ሳንባቸውን የሚጎዳበት ሕመም አለ፤ እነሱም ላይ ይኸው ምልክት ሊታይ ይችላል። ሆዱ የተነፋ ከብት በትሮካር ወይም በቢላ ሲበሳ ደግሞ የጨጓራው ጋዝ በቀዳዳው ዙሪያ ከቆዳ ሥር ይገባል።

እነዚህ ሁለቱ ወገኖች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አላቸው። አየሩ የገባበት ቀዳዳ ከተዘጋና ሌላ ሕመም ከሌለ፣ አየሩ ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ደም ተመጥጦ ይጠፋል። ቆዳውን መብሳት፣ መቅደድ ወይም መተኮስ አይጠቅምም። እንዲያውም አዲስ ቁስል ይከፍታል፣ ቆዳውን ያበላሻል፣ ለእውነተኛው ጀርምም በር ይሰጣል። አባ ጎርባ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እብጠቱን መቅደድ ስፖሩን መሬት ላይ ማፍሰስ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ግጦሽ መበከል ነው።

ሰው የሚነፋው አየር

አራተኛውን ምንጭ ቄራና እርድ ቤት ያሉ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በግና ፍየል በቀላሉ እንዲገፈፍ ከኋላ እግሩ ቆዳ በስቶ በአፍ መንፋት በየቤቱ የቆየ ልማድ ነው። ስልቻ ለማውጣትም ያገለግል ነበር። ለቤት ፍጆታ የለመድነውን ለሽያጭ በሚውል ሥጋ ላይ መድገም ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው እስትንፋስ ጀርም ይዞ ከሥጋው ጋር ይገናኛል፤ ከቆዳ በታች አስቀድሞ አየር ወይም እብጠት የነበረበትን እንስሳም የሥጋ መርማሪው ለመለየት ይቸገራል። በአፍ የተነፋ ሥጋ ጥራት በሚጠይቅ ገበያ ላይ ቦታ የለውም፤ ልማዱን ከንግዱ ማስወጣት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገበያ ላይ ምን እንጠይቅ?

የደላላ እጅ ላቦራቶሪ አይደለም፤ ጥሩ ጥያቄ ግን ብዙ ይለያል። በመጀመሪያ፣ ከብቱ ታሟል ወይስ አብጧል ብቻ? የሚያመሰኳ፣ የሚበላ፣ አካባቢውን የሚያይ፣ ትኩሳት የሌለው ወይፈን ሰፊ እብጠት ቢኖረውም አባ ጎርባ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ያንቀላፋ፣ የሚያነክስና መብላት ያቆመ ግን እብጠቱ ትንሽ ቢሆንም ያሠጋል።

ቀጥሎ፣ ቁስል አለ ወይ? ብብቱን፣ አንገቱን፣ ጎኑን በጥንቃቄ እዩ፤ ሰሞኑን መርፌ ወይም መድኃኒት ተሰጥቶት እንደሆነ ጠይቁ። ቁስል መኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አለመሆኑን ግን አስታውሱ፤ ቁስልም ትኩሳትም ካለ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ከዚያ አተነፋፈሱን ተመልከቱ፤ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ከብት ችግሩ ከሳንባው ሊሆን ይችላል። እብጠቱን በጣት ተጫኑት፤ የጣት ምልክት ይዞ የሚቀር ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ሳይሆን ውኃ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ ጎሮርሳና ሌሎች በሽታዎች ይወስደናል። በመጨረሻም ዕድሜውንና የክትባት ታሪኩን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። በድንገት ሞቶ የተገኘ፣ የተነፋ ከብት አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ ሥጋውም አይበላም። አባ ጎርባ ለሰው ብዙም የማያሠጋ ቢሆንም፣ አባ ሰንጋ ግን ይገድላል፤ ሞቶ ያበጠን ከብት ከውጭ አይቶ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የእንስሳት ሐኪም ከጆሮው ጠብታ ደም ወስዶ ያይ፤ ሬሳውም ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። በቄራ ምርመራ አባ ጎርባ የተገኘበት ሥጋም ሙሉ በሙሉ ይወገዳል፤ ስለዚህ «ቶሎ እናርደውና ሥጋውን እናድን» የሚለው ስሌት ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ስሌቱ

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረጃ የቀረቡ አይደሉም፤ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። እናንተ የአካባቢያችሁን ዋጋ ተኩባቸው።

አንድ ጤነኛ ወይፈን 30,000 ብር ያወጣል እንበል። የአባ ጎርባ ክትባት፣ የማጓጓዣውና የክትባት ሠራተኛው ድካም ተጨምሮ በአንድ ዶዝ 50 ብር ይፈጅ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ጥጃ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ዶዝ ቢወስድ 100 ብር ነው። 300 ወጣት ከብቶችን ለመከተብ 30,000 ብር ይወጣል፤ ይህም የአንድ ወይፈን ዋጋ ነው። ክትባቱ ከ300 ከብቶች የአንዱን ሞት ብቻ ከከለከለ ወጪውን መልሷል። ሁለት ካዳነ አትርፏል። በሚቀጥሉት ዓመታት በዓመት አንድ ዶዝ ስለሚበቃ ስሌቱ የበለጠ ይቀላል። አባ ጎርባ በየዓመቱ በሚመላለስበት ግጦሽ ላይ ከብት የሚያረባ ሰው፣ ከ300 ጥጆች አንድ መሞቱ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት እንደሆነ ራሱ ይፍረድ።

ሌላም ስሌት አለ። በቀንድ ተወግቶ አየር የገባበትን ያንኑ ወይፈን ባለቤቱ ደንግጦ በ8,000 ብር ቢሸጠው 22,000 ብር አጥቷል። ያ ገንዘብ 220 ጥጆችን ሁለት ሁለት ጊዜ ያስከትባል። ትርፉ የጠፋ አይደለም፤ ምልክቱን ማንበብ ወደሚችለው ሰው ኪስ ተዛውሯል። ነጋዴ አውቆ መግዛቱ ወንጀል ባይሆንም፣ አርቢው በፍርሃት የሚሸጥበት ገበያ ግን ለማንም ዘላቂ አይሆንም። በገበያ ቦታ የሚቆም አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በቴርሞሜትርና በሁለት ጥያቄ የዚህን ዓይነት ኪሳራ ሊቀንስ ይችላል።

ለምን አይከተብም?

ስሌቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ አርቢው ለምን አያስከትብም? «አርቢው አያውቅም» የሚለው መልስ አይመስለኝም። አርብቶ አደሩ አባ ጎርባን በስም፣ በወቅትና በቦታ ያውቀዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አንደኛ፣ አባ ጎርባ ድንበር አይዘጋም። በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ካሉት በሽታዎች መካከል አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የቀንዱን አገሮች እንስሳት ስታግድ መላው ቀጠና ተንቀሳቅሷል። አባ ጎርባ ግን አንድ በአንድ፣ በየበረቱ ስለሚገድል ስብሰባ አያስጠራም። ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ትልቅ ድል ነበር፤ ያ ቫይረስ ግን አፈር ውስጥ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረውም። የአባ ጎርባ ስፖር መሬቱ ውስጥ ነው። በአንድ ዘመቻ ተደርጎ የሚያበቃ ሥራ አይደለም፤ እንደ ጨውና እንደ መኖ በየዓመቱ የሚመደብ ወጪ ነው።

ሁለተኛ፣ የመድን ሽፋን አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በማርሳቢት፣ በ2012 በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን የሚከፍለው ሳተላይት የግጦሽ እጥረት ሲያሳይ ነው። አባ ጎርባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመታው ዝናብ ጥሎ፣ ሣር በቅሎ፣ ጥጃው ሲወፍር ነው። ሳተላይቱ «ዘመኑ ጥሩ ነው» በሚልበት ወር አርቢው ምርጡን ይቀብራል።

ሦስተኛ፣ ብልቃጡ ብዙ ዶዝ ይይዛል፤ አራት ጥጃ ያለው ቤተሰብ ለብቻው ሊከፍተው አይችልም። ክትባቱ ሳይበርድም ሳይሞቅም መቆየት አለበት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይጠበቃል፣ በረዶ ከሆነ ይበላሻል።

አራተኛውና ዋናው፣ ገበያው ለተከተበ ከብት አንድ ብር አይጨምርም። አርቢው ወጪውን ያወጣል፤ ጥቅሙን ግን ከነጋዴው፣ ከአደላቢውና ከላኪው ጋር ይካፈላል። ወደ አዳማ ማደለቢያዎች የሚገባው የቦረና ሰንጋ በአንድ ዓመት ከግማሽ ዕድሜው ቢሞት ኖሮ ወደ ማደለቢያው አይደርስም ነበር። አደላቢው «የከብት አቅርቦት ቀነሰ፣ ዋጋ ናረ» ሲል ሳያውቀው ስለሞቱት ወይፈኖችም እያወራ ነው።

ምን እናድርግ?

አገር ውስጥ የሚመረት ክትባት አለን። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የአባ ጎርባ ክትባት ያመርታል። የጎደለው ክትባቱን በወቅቱ እንዲሠራ የሚያደርግ የንግድ ስምምነት ነው።

አደላቢዎችና ላኪዎች በክትባት ወረቀት ለቀረበ ከብት ጭማሪ ይክፈሉ። ጭማሪው ትልቅ መሆን የለበትም፤ ክትባቱ 100 ብር ከፈጀ 200 ወይም 300 ብር መጨመር አርቢውን ያነሣሣል፣ ገዢውን ግን አይጎዳም። የክትባት ወረቀት በሐሰት እንዳይጻፍ የክትባቱ ቀንና የብልቃጡ መለያ ቁጥር ይጻፍበት፤ ከብቱም የጆሮ ምልክት ይኑረው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ብልቃጡን በጋራ ገዝተው በአንድ ቀን ያስከትቡ። ቀኑን የሚወስነው የበጀት ዓመቱ ሳይሆን ዝናቡ ይሁን። ክትባት ለመሥራት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቦረና ከጋናና ከሐጋያ በፊት፣ የሶማሌ አርብቶ አደር ከጉና ከደይር በፊት፣ ደገኛው ከክረምቱ በፊት መርፌው ሊወጋ ይገባል። ከብት መሞት ከጀመረ በኋላ የሚመጣ የክትባት ቡድን የሚያድነው አለ፤ ግን የዘገየ ነው።

የገበያ አስተዳደሮች ደግሞ በገበያ ቀን አንድ የጤና ባለሙያ ያቁሙ። የአገልግሎቱ ክፍያ ከገበያ ቀረጡ ላይ ሊሸፈን ይችላል። ያበጠ ከብት ሲመጣ ስም የሚሰጠው ከደላላው በፊት ባለሙያው ይሁን። ነጋዴውም ቢሆን ከዚህ ይጠቀማል፤ ዛሬ በርካሽ የገዛው ወይፈን ነገ መኪናው ላይ ከሚሞትበት፣ ምን እንደገዛ ማወቁ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያበጠ ትከሻ ስናይ ከዋጋው በፊት «አየሩ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅን፣ ምላሹ አባ ጎርባ የሆነ ጊዜም የአንድ አርቢ መጥፎ ዕድል ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ከዝናቡ በፊት ያልከፈልነው የጋራ ዕዳ መሆኑን መቀበልን ነው። የሚቀጥለው ዝናብ ሩቅ አይደለም። የምትገዙበትን ገበያ የሚቀልቡ አርቢዎች ጥጆቻቸውን አስከትበው እንደሆነ ዛሬ ጠይቁ፤ ካላስከተቡ፣ ወጪው ስንት እንደሆነና ከእናንተ ድርሻው የቱ እንደሆነ አብራችሁ ተነጋገሩ።